ከጊላል እስከ ሐጋይ

መስከረም 2018። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተለቀቀ ብዙም አልቆየ። አሳይታ፣ አዋሽ ቁልቁል ከሚታይበት ገደል ዳር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ከወሎ መጥቶ እዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ ያስተማረ መምህር ነው። ሌላው ግመልም የመስኖ እርሻም ያላቸው፣ ልጃቸውን ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የሚያስገቡ ሐጂ ናቸው። የአፋር ባህላዊ የወሬ ልውውጥ፣ ዳጉው፣ ተጠናቋል። የዝናቡ፣ የወንዙ፣ የከብቱ፣ የታመመው፣ የተወለደው ወሬ ሁሉ በተራ ተነግሯል።

ሐጂ፦ ዳጉውን ጨረስን፤ የመጣሁበትን ግን ገና አልነገርኩህም። ልጅቷ በዚህ ሳምንት ትመዘገባለች። ናቹራል ትግባ ወይስ ሶሻል? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።

መምህር፦ እሷስ ምን አለች?

ሐጂ፦ ነርስ እሆናለሁ ትላለች። እናቷ የመጨረሻውን ልጅ ዱብቲ ሆስፒታል ስትወልድ አብራት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ሰው ግን ናቹራል ከባድ ነው፣ ፊዚክስ ይጥላታል ይለኛል።

መምህር፦ ነርስነት ከፈለገች ምርጫው አልቋል ሐጂ። ሶሻል ገብታ ጤና አትማርም። አሁን የቀረን ሁለቱን ዓመት በምን እንደምናሳልፋቸው ማሰብ ነው።

ሐጂ፦ ሁለት ዓመት? ፈተናው ሦስት አራት ቀን አይደለም እንዴ?

መምህር፦ ቀኑ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ የተማሩትን ነው። ስድስት ወረቀት አለ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ሁሉም ይፈተናል። ናቹራል የገባ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨመርበታል፤ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እያንዳንዱ ከ100 ነው፣ ድምሩ ከ600። ግማሹን፣ 300ን ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በእያንዳንዱ ትምህርት 50 አምጡ ግን አይልም። የሚታየው ድምሩ ነው።

ሐጂ፦ እና ይሄ ለእሷ ምን ይፈይዳል?

መምህር፦ ብዙ ይፈይዳል። ፊዚክስ 35 ብታመጣ ጎደላት የምንለው 15 ነው። ያንን ከባዮሎጂ 8፣ ከእንግሊዝኛ 7 አድርጋ ትሞላዋለች።

ሐጂ፦ በአንዱ ገበያ የከሰርኩትን በሌላው እንደማወጣው ማለት ነው።

መምህር፦ እሱ ነው። ሌላም ልንገርዎ፤ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ጥያቄው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብሎ መልሱ የሚመረጥበት ነው። 60 ጥያቄ ያለው ወረቀት ቀረበልዎ እንበል። 20ውን በእርግጥ ያውቁታል። የቀረውን 40 ምንም አያውቁትም፤ በግምት አጠቆሩት። ከአራት አንዱ ይመታልና ከ40ው 10 ያህል ያገኛሉ። 20 እና 10 ሠላሳ፣ ይኸው ግማሽ። ከሦስት ጥያቄ አንዱን በእርግጥ የሚያውቅ ልጅ 50 ከመቶ ዙሪያ ይደርሳል ማለት ነው።

ሐጂ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) እና ያልደረሱት ከሦስት አንዱንም አያውቁም ነው የምትለኝ?

መምህር፦ አዎ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። በ2014 ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ልጆች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ፤ አሁን የወጣው የ2017ቱ ደግሞ 8.4 ነው። ከ585,882 ልጆች 48,929። እየተሻለ ነው። ነገር ግን ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ሐጂ፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የወንድሜ ልጆች ሲፈተኑ ብዙ ልጅ ያልፍ ነበር። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ደነዘዙ?

መምህር፦ አልደነዘዙም። ድሮ መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ በዩኒቨርሲቲዎቹ ቦታ ልክ ይወሰን ነበር፤ ለታዳጊ ክልልና ለሴት ልጆችም ዝቅ ይል ነበር። ኩረጃውም ነበረ። ግንቦት 2008 ፈተናው ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተቋረጠና እንደገና ሌላ ወረቀት ተዘጋጀ፤ ያስታውሱታል። ከዚያም በኋላ መልስ በስልክ ይላክ ነበር። የ2014 ተፈታኞች ናቸው መጀመሪያ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው የተፈተኑት። ስልክ ቀረ፣ የሚያውቁት ፈታኝ ቀረ። ያን ጊዜ እውነቱ ተገለጠ። እኔ በዚያ ውጤት አለቀስኩ፤ ፈተናው ወደ ግቢ በመግባቱ ግን አልተቆጨሁም።

ሐጂ፦ እዚህ ላይ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ዳጉ ስንቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? የሰማውን አየሁ ብሎ የተናገረ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይታመንም፤ በእሱ ወሬ ከብቱን የሚነዳ የለም። የተኮረጀ ውጤትም የሰሙትን አየሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለች ነርስ ልጄን እንድትወጋልኝ አልፈቅድም።

መምህር፦ ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ከእኔ ቃል ይልቅ ይገባቸዋል።

ሐጂ፦ ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ፈተናው እውነተኛ ይሁን፤ ግን ሚዛኑ እኩል ነው? ልጄ ቤት ውስጥ አፋርኛ ታወራለች። ትምህርት ቤት ስትገባ አማርኛ ተቀበላት። አማርኛውን ስትለምድ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሆነ። የአዲስ አበባው ልጅ አንድ ወንዝ ይሻገራል፣ የእኔዋ ሁለት። በሰኔ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ይደክመዋል። ወረቀቱ ግን አንድ ነው።

መምህር፦ እውነትዎን ነው፤ አልከራከርዎትም። እንግሊዝኛ በወረቀት አንድ ትምህርት ነው፤ በተግባር ግን ከስድስቱ በየአንዱ ውስጥ ተደብቋል። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ስንት ልጅ አይቻለሁ መሰልዎ። ባለፈው ዓመት አንዷን ጎበዝ ተማሪዬን "ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው የትኛው ነው" የሚል ጥያቄ ጣላት። "ያልሆነው" የምትለዋን ቃል አልፋው ትክክለኛውን አጠቆረች። ትምህርቱን ታውቀዋለች።

ሐጂ፦ ታዲያ መቁረጫውን ለእኛ ዝቅ ያድርጉልና!

መምህር፦ ለዓመታት ዝቅ ብሎልን ነበር። የመጣው ለውጥ ምን ነበር? ብዙ ልጅ ገባ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ብዙው ተመለሰ። ክፍሌ የነበሩ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ አግኝቻቸዋለሁ። ያ ፊት አይረሳኝም። ድጋፉ መግቢያው በር ላይ ብቻ ከሆነ ለልጁ ሌላ ጉድጓድ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ቢሰጠን፣ መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራ፣ ሙቀቱን ችሎ የሚቆይ መምህር ቢኖረን፣ ያ ነው ለአሳይታ ልጅ የሚገባው።

ሐጂ፦ ሪሜዲያል የሚሉትስ? ባይሞላላት እሱን ትገባለች ይሉኛል።

መምህር፦ ከዚያ ከባድ ውጤት በኋላ በ2015 የተጀመረ ነው። 50 ያልሞላላቸው ግን የተጠጉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ያንኑ ትምህርት ይደግማሉ። ሲጀመር ከመቶው 70 ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ምዘና ነበር የሚያዘው። ብዙ ልጅ አትርፏል፤ አላጣጥለውም። ግን ይኸውልዎ፣ እዚያም ቢሆን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ነው የሚጠብቃት። በአራት ዓመት ያልተሠራ በአራት ወር ይሠራል ብሎ ልጅን መላክ አይሆንም። ግመል መንገድ ላይ ውሃ ይገኛል ተብሎ ሳይጠጣ ይነዳል?

ሐጂ፦ አይነዳም።

መምህር፦ እኔ ራሴ የተፈተንኩት በድሮው ማትሪክ ነው፤ በ1990። ያኔ እንግሊዝኛና ሒሳብ ግዴታ ሆነው፣ የተሻሉ ሦስት ትምህርቶች ተጨምረው በአምስት ይታሰብ ነበር፤ ሙሉው 4.00። በአንዱ ትምህርት ደካማ ነበርኩ፤ ከአምስቱ ሳይገባ ቀረ፣ እኔም ዳንኩ። ዛሬ ያ መውጫ የለም። ስድስቱም ይቆጠራሉ። ሌላው ዓለም በዚህ ብዙ ተነጋግሯል። ቻይና አሁን በብዙ ክፍለ ሀገር ቋንቋቸው፣ ሒሳብና የውጭ ቋንቋ ግዴታ ሆነው፣ ልጁ ከፊዚክስና ከታሪክ አንዱን፣ ከሌሎች አራት ደግሞ ሁለቱን ይመርጣል። ጎረቤታችን ኬንያ ለሚፈልገው ሙያ የሚቀርቡትን አራት ትምህርቶች አውጥታ ታሰላለች። አሜሪካኖች ለየትምህርቱ የአንድ ሰዓት ፈተና ነበራቸው፤ ልጁ ከሃያ ያህሉ መርጦ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አቋረጡት፤ በልጆች ላይ ሸክም ደራርበናል አሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ነርስ ለምትሆን ልጅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከፊዚክስ የበለጠ ሊመዝንላት ይገባል። ትምህርት ሚኒስቴር ይህን ቢያስብበት ፈተናው ሳይቀል ፍትሐዊ ይሆናል።

ሐጂ፦ ሚኒስቴሩ ያስብበት። እኔ ቻይናንም ሚኒስቴሩንም ዛሬ ማታ አላገኛቸውም። ነገ ጠዋት ለልጄ ምን ልበላት?

መምህር፦ እሺ። ዓመቱን እርስዎ ከብት እንደሚያዘዋውሩበት ከፍለው ይንገሩኝ።

ሐጂ፦ ካርማ፣ ዋናው ዝናብ፣ አሁን እያለቀ ነው። ከዚያ ጊላል ይመጣል፣ ብርዱ። ቀጥሎ ሱጉም፣ አጭሩ ዝናብ። ከዚያ ሐጋይ፣ ሙቀቱ፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ።

መምህር፦ በደንብ አድርጌ። የእኛ ትምህርት ቤቶች ስህተት እዚህ ላይ ነው። ለፈተና "ቱቶሪያል" የሚጀመረው ግንቦት ላይ ነው፤ በሐጋይ መሐል። አዲስ አበባ ላይ ግንቦት ያስጠናል። እዚህ ግንቦት ላይ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ወረቀት በላብ ይርሳል። ስለዚህ ከባዱን ጊላል ላይ እናደርገዋለን። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ልጅ ተቀምጦ ማሰብ ይችላል። ሒሳብና ፊዚክስ ያኔ ይሠሩ። እነዚህ ሁለቱ በማንበብ አይገቡም፤ እርሳስ ይዞ መሥራት ይፈልጋሉ፣ ለዚያ ደግሞ ጭንቅላት ቀዝቀዝ ማለት አለበት።

ሐጂ፦ ረመዳን ዘንድሮ በየካቲት ይገባል።

መምህር፦ አስቤዋለሁ። ለሱሑር መነሳቷ አይቀርም። ከሱብሒ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ለባዮሎጂ ትስጥ። ባዮሎጂ ንባብ ነው፤ ሥዕሉን እያየች፣ ስሙን እየደጋገመች። ቀን ላይ ምንም አላስገድዳትም። ሱጉም ሲመጣ ኬሚስትሪ፤ ከኬሚስትሪው ጎን የ9ኛና የ10ኛ መጽሐፍ እንደገና ይከፈት። ልጆች ያለፈ ክፍል መጽሐፍ የሞተ ይመስላቸዋል። ፈተናው ግን ከእሱም ይጠይቃል።

ሐጂ፦ ሐጋይ ላይስ?

መምህር፦ ሐጋይ ላይ አዲስ ምዕራፍ አይከፈትም። የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ብቻ፣ ንጋት ከ11 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በሰዓት ተቆጥሮ። ሙሉ ወረቀት በሰዓቱ ሠርታ የማታውቅ ልጅ ግቢ ገብታ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ላይ ግማሹን ጊዜ ትጨርሳለች። ያልደረሰችበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ደግሞ ከአራት አንዷን ዕድል እንኳ አታገኝም።

ሐጂ፦ እንግሊዝኛውን ረሳኸው።

መምህር፦ አልረሳሁትም፤ ወቅት የለውም። በየቀኑ ነው። ደብተር ትያዝ፤ ከፊዚክሱም ከባዮሎጂውም ያልገባትን ቃል ሁሉ ትጻፍበት። ጎኑ ላይ በአፋርኛ ምን እንደሚባል ትጻፍ፤ በአማርኛ አይደለም፣ በአፋርኛ። ሁለቱን ወንዝ በአንዴ እንድትሻገር። በቀን አምስት ቃል ብትይዝ በሁለት ዓመት ከ3,000 ያልፋል። አፕቲቲዩድም አለ። መጽሐፍ ስለሌለው ማንም አያስተምረውም፣ ልጆቹም ይንቁታል። እንደ ፊዚክስ 100 ነው የሚይዘው! ሳምንት አንድ ቀን እኔ አሠራታለሁ።

ሐጂ፦ ወንዙ ግን ዕቅድ አያውቅም። በ2012 ክረምት አዋሽ ሲወጣ ሰዉ የያዘውን ይዞ ነው የሸሸው። የልጆቹ ደብተር ሁሉ በውሃ ሄደ።

መምህር፦ ለዚያ ነው ደብተሯን በወር በወር በስልክ ፎቶ ታንሳው የምለው። ፎቶው እርስዎ ዘንድም እኔ ዘንድም ይቀመጥ።

ሐጂ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄ ይሆናል።

መምህር፦ ሐጂ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። እሱ በእኔ እጅ አይደለም፤ ልናገር አልናገር እያልኩ ነው።

ሐጂ፦ ተናገር። ሃያ ዓመት አብረን ዳጉ ተቀምጠናል።

መምህር፦ ባለፉት ዓመታት ከክፍሌ የጠፉት ሴት ልጆች ፊዚክስ ከብዷቸው አልነበረም። አንዷ እንዲያውም በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ጥር ላይ መጣች፣ የካቲት ላይ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ስጠይቅ አብሱማዋ፣ የአጎቷ ልጅ፣ አግብቶ ወሰዳት አሉኝ።

ሐጂ፦ (አዋሽን እያዩ ረጅም ዝም አሉ) ለእሷም ተልኮልኛል። የሚስቴ ወንድም፣ ለልጁ። ካርማ ሳይጀምር ነው የላከው። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ አይወጣለትም። መልስ አልሰጠሁም።

መምህር፦ እርስዎ ባህልዎን ያውቁታል። እኔ እንግዳ ነኝ፤ አብሱማ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። የሀገሪቱ ሕግ ግን 18 ያልሞላት አትዳር ይላል፣ እሷ ገና 16 ናት። የነገርኩዎት ዕቅድ ሁሉ፣ ጊላሉም ሐጋዩም፣ በዚህ ላይ ነው የቆመው። ይሄ ካልተያዘ ወረቀቴን ቀድጄ ብጥለው ይሻላል።

ሐጂ፦ አትቅደደው። የአማቼን ቃል አላዋርድም፤ እምቢ ብዬም አልልክም። ጊዜ ግን እጠይቃለሁ። ሽማግሌ ይዤ ራሴ እሄዳለሁ። ልጅቷ በ2019 መጨረሻ ትፈተናለች፣ ከዚያም ትማራለች፣ ያን ጊዜ እሷም አፏን ከፍታ ትናገራለች እላለሁ። እናቷ ትደግፈኛለች። ዱብቲ የነበረችው እሷ ናት።

መምህር፦ መቼ ይሄዳሉ?

ሐጂ፦ ከጁምዓ በኋላ። ነገ ደግሞ ናቹራል ብላ ትመዝገብ።

መምህር፦ እንግዲያው ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቤቴ ይላኳት። ሰሌዳ አለኝ፣ የቆዩ ወረቀቶችም አሉኝ፤ ገንዘብ አልጠይቅም። ብቻዋን ግን አይላኳት፤ ብቻውን የሚያጠና ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። በሰፈራችሁ 11ኛ የሚገቡ ሌሎች ሴት ልጆች ካሉ አባቶቻቸውን እርስዎ ያናግሩልኝ። የእኔን ቃል አይሰሙም፤ የእርስዎን ይሰማሉ።

ሐጂ፦ አራት አሉ። የሁለቱ አባቶች አሁን መስጊድ ናቸው፤ ተነስ፣ አብረን እንሂድ።